በናፍጣ የሚሄደው ፈረስ

ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ጽሑፍ ይከብደኛል። አንዲት ገጽ ለመሙላት ከቁርስ እስከ ሰርክ እቀመጣለሁ። ስለ እርሱ መጻፍ ገና አልቻልሁም። ይህ ስለ ሌላ ነገር ነው።

ባለፈው ሳምንት ለሙት ዓመቱ የሚሰቀል ፎቶ በትልቁ ላሳጥብ እዚሁ ሞጣ አንድ ፎቶ ቤት ሄጄ ነበር። ያለኝ ደኅና ፎቶ የጎረቤት ሰርግ ላይ የተነሣው ነው፤ ግራና ቀኙን ሰው ከብቦታል። ፎቶ አንሺው ኮምፒዩተሩ ላይ ከፈተውና፣ «እትዬ፣ እነዚህን ሰዎች ላጥፋቸው? እሳቸው ብቻ ሲቀሩ ጥርት ይላል» አለኝ። መልስ ሳልሰጠው ጣቱን ጫን አደረገ። በባለቤቴ ትከሻ ላይ እጁን ጥሎ የነበረው ሰው ጠፋ። እጁ ብቻ ቀረ። ቀጥሎ እጁም ጠፋ። «ቆይ፣ ነገ እመለሳለሁ» ብዬው ወጣሁ።

በመናኸሪያው በኩል ሳልፍ አንድ የጭነት መኪና ሞተሩ ተከፍቶ ቆሟል። ናፍጣ መሬት ላይ ፈስሶ አቧራውን አጥቁሮታል። ሽታው ሲመታኝ እግሬ አልሄድ አለኝ። ሰው እየገፋኝ ያልፋል፤ ባጃጅ ጥሩንባ ይነፋብኛል። እኔ ግን ቢቸና ነበርሁ፤ ልጅ ነበርሁ፤ ከፊቴ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ተከፍቷል።

እናቴ እኔን ወልዳ ብዙ በሕይወት አልቆየችም። ሞጣ ላይ ያሳደገችኝ የእናቴ እናት ዓይኗ ሲደክም፣ የአባቴ እኅት እቴቴ ያምሮት መጥታ ቢቸና ወሰደችኝ። እቴቴ ባሏ የሞተባት፣ ልጅ ያልወለደች ሴት ነበረች። ጌሾና ብቅል ትሸጣለች። ግቢው ውስጥ በቁርበትና በሰፌድ ላይ ብቅል ተሰጥቶ ይውላል፤ ከትምህርት ቤት መልስ የእኔ ሥራ ከብቅሉ ላይ ዶሮ ማባረር ነበር። አንዲት ረጅም አርጩሜ ይዤ ድንጋይ ላይ እቀመጣለሁ። ዶሮዎቹ እኔን አይተው ይርቃሉ፤ እኔ ስረሳቸው ይቀርባሉ። ከእነሱ በቀር የሚያየኝ አልነበረም። የሰፈሩ ልጆች «የሞጣዋ» ይሉኛል እንጂ ስሜን አያውቁትም።

አባቴ ፈንታ ድሬዳዋ ባቡር ነጂ ነው ይባላል። እኔ ዳዴ ሳልል ነው የሄደው። ከስንት ጊዜ አንዴ በመንገደኛ በኩል ሰላምታ ይልካል። ፎቶ ግን አልነበረውም፤ አንድም።

«እቴቴ፣ አባቴ ምን ይመስላል?» እላታለሁ።

«ሰው ነዋ የሚመስል!»

ገበያው የቀናት ዕለት አባቴ ቀይ ዳማ ነው፤ አፍንጫው ሰልካካ፣ ጥርሱ ወተት። ገበያው ያልቀናት ዕለት ደግሞ ጠይም ነው፣ ግንባሩ የአያቴ፣ ነገረ ሥራውም የአያቴ። እኔ ሌሊት ተኝቼ ሁለቱን አባቶች ለማገናኘት እሞክራለሁ። የአንዱን አፍንጫ ለሌላው ግንባር ስሰጠው ፊቱ ይፈርስብኛል።

በእኛ አገር በናፍጣ የሚሠራውን ወፍጮም ባቡር ይሉታል። ስለዚህ አባቴን መጀመሪያ የፈለግሁት ወፍጮ ቤት ነው። ዱቄት ቅንድቡ ድረስ ያለበሰው ሰውዬ ከጩኸቱ በላይ፣ «ምን ፈለግሽ?» ብሎ ጮኸብኝ።

«አባቴን!»

«ማን ይባላል?»

«ፈንታ!»

«ፈንታ የሚባል የለም! እህልሽን አውርጂና ተራሽን ጠብቂ!»

እህል አልነበረኝም። ቢሆንም ተራዬን ጠብቄ ወጣሁ።

በዚያው ዓመት፣ ሁዳዴ ሊገባ ሲል፣ ጀማል መጣ። ድሬሰር ነው፤ ጤና ጣቢያው ተመድቦ ከድሬዳዋ የመጣ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲሄድ ከወገቡ ጎንበስ የሚል ሰው ነበር። እቴቴ ከጓሮ ያለችውን ክፍል ልታከራየው ነው። ግቢው በር ላይ ቆሞ፣ «ያምሮት የምትባዪው አንቺ ነሽ?» አላት።

የእቴቴ ወንፊት እጇ ላይ ቆመ። በቢቸና እሷን «አንቺ» የሚላት ከእግዜርና ከንስሐ አባቷ በቀር ሰው አልነበረም።

«በአገራችሁ አንቱ አይባልም?» አለችው።

«አቦ፣ ድሬ ላይ ሁሉም አንተ ነው። አባቴንም አንተ ነው የምለው።»

«አባትህን?»

«ወላሂ።»

እቴቴ ትንሽ አሰበች። «እንግዲያ ሙቀቱ ነው» አለች። «ሰው ሲሞቀው ሁሉን ነገር ያሳጥራል።» ቁልፉን ሰጠችው።

በፍስክ ቢሆን ኖሮ ማዕዳችን ለየብቻ ነበር። እሱ የእኛን ሥጋ አይበላ፣ እኛ የእሱን። ሁዳዴ ሲገባ ግን ሽሮና ክክ የማንም ሃይማኖት አይደለምና ከእኛ ጋር መብላት ጀመረ። በዚያ ቤት ሦስት ሰው አንድ ላይ ሲቀመጥ ያየሁት ያኔ ነው። እቴቴ እየጾመች ስለምትቆይ ማዕዱ ከሰዓት በኋላ ይቀርባል። በልተን ስንጨርስ እጁን በሳሙና ይታጠብና ቆርቆሮውን ያመጣል።

ቆርቆሮው የብስኩት ነው። ክዳኑ ሲከፈት የናፍጣ ሽታ ይወጣ ነበር፤ ፎቶዎቹን የጠቀለለበት ጨርቅ ከባቡር ጣቢያ የመጣ ነውና። ፎቶዎቹ ጥቁርና ነጭ፣ ጠርዛቸው እንደ መጋዝ የተከረከመ ነው። ሁሉም የባቡር ናቸው። ሰው የሚያመላልሱት የናፍጣ ባቡሮች፦ አፍንጫቸው ደፍጠጥ ያለ፣ ግንባራቸው ላይ ሁለት መስኮት ያላቸው፤ ፉርጎ ሳትስብ ብቻዋን የምትሮጥ ሊትሪናም አለችበት። በየጀርባቸው የባቡሩ ቁጥር፣ የተነሣበት ቦታና ወዴት ሲሄድ እንደነበረ በቀጭን ጽሕፈት ተጽፏል። ጀማልና አንድ የልጅነት ጓደኛው ከትምህርት ቤት እየጠፉ ሐዲዱ ዳር ቆመው፣ ከጀማል አጎት በተዋሱት ካሜራ ያነሧቸው ናቸው። ሌላው ቴምብር እንደሚሰበስብ እነሱ ይህን ሰበሰቡ። አሁንም ጓደኛው አዲስ ፎቶ ሲያገኝ በሹፌር እጅ ይልክለታል። ጀማል ያን ቀን በሽተኛ ሲወጋ ራሱ ያፏጫል አሉ።

«ጎልማሳ የሴት ፎቶ ይይዛል ሲባል ሰምቻለሁ» ትለዋለች እቴቴ። «የብረት ፎቶ የሚይዝ ግን አንተን አየሁ።»

«ያምሮት፣ ብረት አይከዳም።»

«አይስምም'ኮ!»

እሱ ይስቃል፤ እኔም ምን እንደሆነ ሳይገባኝ እስቃለሁ።

ባቡር አይቼ አላውቅም። ሐዲዱ መሬት ላይ የተጋደመ መሰላል መሰለኝ። ባቡሩ በመሰላሉ ወጥቶ ወጥቶ ሲያበቃ ወደ ሰማይ ይገባል ብዬ ስላሰብሁ፣ አባቴ ለምን እንደማይመጣ የገባኝ መሰለኝ። ከዚያ ለመውረድ ይከብዳል። ጀማል «እጅሽን አሳዪኝ» ብሎ መዳፌን ያይና ጠርዙን ብቻ አስይዞ አንድ በአንድ ይሰጠኛል። «ይሄ ከሰል የሚበላው አይደለም። ይሄ ናፍጣ ነው። ስሚው፤ ሲነሣ እንዲህ ነው» ብሎ ከደረቱ ውስጥ እንደ ትልቅ በሬ ያጉረመርማል። እኔ ግን አልሰማውም። እኔ ሰው ነበር የምፈልገው። በየመስኮቱ፣ በየመንኮራኩሩ ሥር፣ በየጥላው እፈልጋለሁ። ሰው የለም። መንገዱ ባዶ፣ መስኮቱ ባዶ፣ ጣቢያው ባዶ።

«ጋሽ ጀማል፣ ሰዎቹ የት ሄዱ?»

«የትኞቹ ሰዎች?»

«የሚነዱት። የሚሳፈሩት።»

«አቦ፣ ሰው ከገባበትማ ይበላሻል። ሁሉም ዘወር እስኪል ጠብቄ ነው የማነሣው። ስንት ሰዓት ፀሐይ ላይ ቆሜያለሁ መሰለሽ ሰው እስኪጠፋልኝ!»

ሰው የገባበትስ የለም ወይ ብዬ ስለጨቀጨቅሁት፣ አንድ ቀን ከቆርቆሮው ታች፣ ከጨርቁም በታች፣ አንዲት ፎቶ አወጣ። የተበላሸች ናት። ባቡሩ ቆሟል፤ ልክ ሲያነሣው በነጂው መስኮት አንድ ሰው ራሱን ብቅ አድርጓል። ስለተንቀሳቀሰ ፊቱ እንደ ተላጠ ድንች ነጭ ብቻ ነው። ዓይን የለው፣ አፍ የለው። ኮፍያ ግን አለው።

ባቡር ነጂ፤ በድሬዳዋ፤ በመስኮት። ከዚያ በኋላ ጀማል ቆርቆሮውን ባወጣ ቁጥር ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ አሳልፌ እሷ ላይ እቆማለሁ። ነጩ ፊት ላይ አንድ ቀን ቀይ ዳማውን፣ አንድ ቀን ጠይሙን አስቀምጥበታለሁ። ሁለቱም ልክ ይሆኑ ነበር።

ደብረ ዘይት ካለፈ በኋላ፣ አንድ ጠዋት ገና ጎህ ሲቀድ፣ ግቢው በር ተንኳኳ። የእቴቴ ንስሐ አባትና ሦስት የሰፈር ሽማግሎች ናቸው። እቴቴ ብቅሉን ልትገለብጥ ተነሥታ ነበር። ሰዎቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። እኔ ለቤተ ክርስቲያን የሚለበስ መሰለኝ። አባ፣ «ያምሮት፣ ፈንታ ታሞ ኖሯል» አሏት። እሷ፣ «ታዲያ ይሻለዋላ» አለች ቶሎ ብላ። ዝም አሉ። «ይሻለዋል አይደለም ወይ?» አለች። ከዝምታቸው ነው የሰማችው። የጮኸችው ጩኸት ዶሮዎቹን ከጣሪያ አወረዳቸው።

አዋሽ ላይ ወባ ይዞት፣ እዚያው ተቀብሮ፣ ወሬው በደጀን በኩል በመኪና ሰው እጅ ደርሶ ነው። ይህን ሁሉ በኋላ ነው ያወቅሁት። ያኔ አንዲት ሴት ክንዴን ይዛ ጀማል ክፍል ከተተችኝና በሩን ዘጋችብኝ። ጀማል ካልሲውን በአንድ እግሩ አጥልቆ አልጋው ላይ ተቀምጧል። ምን እንደሚያደርገኝ አላወቀም። ቆርቆሮውን ከፈተልኝ።

በእኛ አገር ሰው ሩቅ ሞቶ ሬሳው ካልመጣ የሚለቀሰው በንብረቱ ነው። ጠመንጃው ይወጣል፤ ካባው ይዘረጋል፤ ፈረስ ያለው እንደሆነ ፈረሱ ኮርቻው ተጭኖ በለቃሹ መካከል ይዞራል። ፈረሱ ጌታውን ያሳያል ይባላል። አባቴ ግን ምንም አልተወም። ዳስ ተጥሎ ሰው ከተሰበሰበ በኋላ፣ አያ ዓለሙ የሚባሉ የዘመድ ሽማግሌ እቴቴን ጠርተው፣ «ያምሮት፣ በምኑ ነው የምናለቅሰው? ሜዳው ባዶ ነው» አሏት።

እቴቴ ወገቧን በመቀነት እንዳሰረች ቀጥታ ወደ ጓሮ መጣች። ከእኔና ከጀማል ፊት ቆመች። ድምጿ ሻክሯል።

«ጀማል፣ ያን ባቡርህን አውሰኝ።»

«ፎቶውን?»

«ወንድሜ በባዶ ሜዳ አይለቀስም። ሰው በፈረሱ ነው የሚለቀስ። የእሱ ፈረስ ይሄ ነው፤ በናፍጣ የሚሄደው።»

ጀማል አላመነታም። እጁን በሱሪው ጠረገና ከሁሉ የሚወዳትን መረጠ። «ይቺን ውሰጂ» አላት፣ «ታጥቦ ከጣቢያው ሲወጣ ነው። መስተዋት ነው የሚመስለው።»

«እሷ አይደለችም!» ብዬ ጮህሁ። «ሰው ያለበትን!»

«ጥሩወርቅ፣ ያቺ'ኮ ተበላሽታለች—»

«ስጣት» አለች እቴቴ። ዓይኗ እኔ ላይ ነው። እንዲያ አይታኝ አታውቅም። «ልጅ አባቷን አትስትም። ደሟ ይነግራታል። ያለችውን ስጣት።»

እንዲህ ሆነና ፎቶዋ በሰፌድ ላይ ነጭ ነጠላ ተነጥፎላት ወጣች። እቴቴ ሰፌዱን ከራሷ በላይ አድርጋ በለቃሹ መካከል ታዞረው ጀመር። መዳፍ የምታህል ፎቶ ናት፤ ከሩቅ የሚያያት የለም። ሴቶቹ እየተጋፉ ይጠጋሉ፤ ደረታቸውን እየደቁ ይጠያየቃሉ።

«ዓይኑ የቱ ነው?»

«ይሄ ክብ ክቡ።»

«ምን ይበላል?»

«ናፍጣ ነው አሉ።»

«ውይ! ኮቴስ የለው?»

«ዝም በይ፣ ይሰሙናል።»

እትዬ የሻሽ የምትባል አስለቃሽ ነበረች። ስሟ ወረዳችንን እነማይን አልፎ ይሰማል። ፎቶዋን አንድ ጊዜ ብቻ ቀረብ ብላ አየችና ዓይኗን ጨፈነች።

ፈረስህ የብረት፣ ገብስ አይል፣ አይል ሣር፣
ጌታው ሲወድቅበት፣ ቆሞ አይጠብቅ ዳር።

ጩኸቱ ዳሱን አናወጠው። ቀጠለችና፦

እኅትህ በር ቆማ፣ መንገድ መንገድ ስታይ፣
ጥላህ ብቻ መጣ፣ ፊትህን ሳናይ።

ወዲያው፣ «ልጂቱስ? ልጂቱን አምጧት፤ አባቷን ታሳየን!» አለች። ብዙ እጅ አነሣኝ። በርጩማ ላይ አቆሙኝ። ከበታቼ ያ ሁሉ ፊት፣ ያ ሁሉ እንባ፣ ሁሉም እኔን ያያል። ሰፌዱ ወደ እኔ ቀረበ። ጣቴን አነሣሁና መስኮቱ ላይ፣ ነጩ ፊት ላይ አደረግሁት። «ይሄ ነው» አልሁ።

ለቅሶው ሲነሣ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ አለኝ። ቢቸና ከመጣሁ ጀምሮ የተናገርሁትን ሰው ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር። ዳሱ ጥግ፣ ከመምህራኑ ጋር የተቀመጠውን ጀማልን አየሁት። እሱ አያለቅስም። ፎቶዋንም አያይም። መሬት መሬት ነበር የሚያይ።

ሰልስቱ ካለፈ በኋላ ትምህርት ቤት ተመለስሁ። ጠዋት ስም ይጠራል። የእኔ ስም ጥሩወርቅ ፈንታ ነው። ሰው ሲሞት ስሙም አብሮ የሚቀበር መስሎኝ ነበር። መምህሩ እኔ ጋ ሲደርስ «ጥሩወርቅ» ብሎ የሚያቆም፣ ከኋላዬ ያለው ቦታ ባዶ የሚሆን መሰለኝ። እንደ ወትሮው፣ «ጥሩወርቅ ፈንታ» አለ። አባቴን ሊጠራው የቀረ ሰው ያ መምህር ብቻ እንደሆነ ያን ጊዜ ታወቀኝ። «አቤት» ማለት አቃተኝ። መምህሩ ሦስተኛ ጊዜ ሲጠራ አጠገቤ ያለችው ልጅ፣ «አለች፣ ታለቅሳለች» አለችልኝ።

ቤት ሁሉም ነገር ጸጥ አለ። እቴቴ ጥቁር ለብሳ ብቅሏን ትገለብጣለች። ለጎረቤት ስታወራ የሞተው ወንድሟ ከፈንታ እየላቀ፣ ከነጂነትም አልፎ የባቡሮች ሁሉ አዛዥ እየሆነ ሄደ። እኔን ግን ስለ እሱ አታወራኝም። እኔ አውቀዋለሁ ብላ ታምናለች። አሳይቻታለሁ።

ፎቶዋ ወደ ጀማል ስትመለስ መስኮቱ ላይ የጣቴ ምልክት ነበረባት። ሊጠርገው ጨርቁን አነሣና ተወው። ሆሳዕና አካባቢ ይመስለኛል፣ ድንጋዬ ላይ ዶሮ ስጠብቅ መጥቶ አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ጋሽ ጀማል፣ እሱ አባቴ ነው አይደል?»

ከመሬት ጠጠር አንሥቶ አገላበጠ። የባቡር ቁጥር አንድም ቀን ተሳስቶ አያውቅም።

«ጥሩዬ፣ ልዋሽሽ አልፈልግም። ሰውየውን አላየሁትም። እኔ ባቡሩን ነበር የማየው። እንዲያውም ራሱን ሲያወጣ ተናድጄ ሰድቤዋለሁ።»

«ምን ብለህ?»

«አቦ፣ ተይኝ።»

ተነሥቶ ሄደ። ያን ቀን ማዕድ ላይ አልመጣም። ለፋሲካም ፈቃድ ጠይቆ ወደ አገሩ ወረደ። ፋሲካ በሁለታችን ብቻ፣ በእኔና በእቴቴ አለፈ። ዶሮ ታርዶ ማንም በደንብ አልበላውም። ክፍሉ ተዘግቶ ከረመ። እኔ በቁልፉ ቀዳዳ አያለሁ፤ ቆርቆሮው አልጋው ሥር ነው ወይስ ይዞት ሄዷል እያልሁ። ምንም አይታይም ነበር፤ ጨለማና የናፍጣ ሽታ ብቻ።

የተመለሰው ዝናብ ሊጥል ሲያጉረመርም ነው። ፊቱ ጠቁሯል። ለእቴቴ አንድ ላስቲክ ቴምር ሰጣትና እኔን ወደ ክፍሉ ጠራኝ። አልጋው ላይ አስቀመጠኝ። ራሱ ቆሞ ነው የነገረኝ።

«የአባትሽን የሥራ ጓደኞች አገኘኋቸው። አባትሽ ነጂ አልነበረም፣ ጥሩዬ።»

«ምን ነበር?»

«አጣቢ ነበር። ባቡሩ ሌሊት ሲገባ ከሥር ገብቶ ያጥበዋል፣ ቅባት ይቀባዋል። ያ ሁሉ የሚያብረቀርቀው፣ ስንት ጊዜ መስተዋት ይመስላል ያልሁሽ፣ እነሱ ናቸው የሚያጥቡት። ጠዋት ላነሣ ስሄድ እነሱ ባልዲያቸውን ይዘው እዚያው ይኖራሉ። ዘወር በሉልኝ እላቸዋለሁ። ይሄዱልኛል። ምናልባት አንድ ቀን አባትሽንም ዘወር በል ብዬው ይሆናል። አላውቅም። አላየኋቸውም።»

«እንግዲያ መስኮቱ ላይ ያለው ሰው…»

«አይደለም።»

አላለቀስሁም። ያን ሁሉ ሰው በርጩማ ላይ ቆሜ ማስለቀሴ ትዝ አለኝና ፊቴ ነደደ። ለማን ነበር ያለቀስነው? የሌላ ሰው ራስ ነው፤ ሰውየው ምናልባት ዛሬም በሕይወት አለ፤ ምሳውን ይበላል።

ጀማል ከኪሱ አንዲት ፎቶ አወጣ። አዲስ ናት። ባቡሩ ከመካከሉ ተቆርጧል፤ አፍንጫው የለ፣ ቁጥሩ የለ፣ መስኮቱ አንዱ ብቻ ነው። በቆርቆሮው ውስጥ እንዲህ ያለ ፎቶ ኖሮ አያውቅም። ከፊቱ ሰዎች ተደርድረው ቆመዋል። ቱታ ለብሰዋል፤ ካሜራውን ሲያዩ እንደተቆጣ ሰው ናቸው። በጀርባዋ ምንም አልተጻፈባትም።

«የትኛው ነው አባቴ?» አልሁ፤ እንደሌለ እያወቅሁ።

«የለበትም። ይሄን መካከል ያለውን እይው፤ ጓደኛው ነው፤ አንድ ክፍል ይኖሩ ነበር። የለበሰው ኮት የአባትሽ ነው። ሲሞት ለእሱ ሰጡት። ሌላ ነገር አልነበረውም።»

ፎቶዋን ጠርዙን ይዤ ወደ በሩ ብርሃን ወጣሁ። ኮቱ ጥቁር ነው፤ ወይም ሰማያዊ። የትከሻው ስፌት ከሰውየው ትከሻ ወርዶ ክንዱ ላይ ደርሷል። እጅጌው ወደ ላይ ተጠቅልሏል፤ ከተጠቀለለም በኋላ የሚታዩት የጣቶቹ ጫፍ ብቻ ናቸው።

«ሰውየው አጭር ነው?» አልሁ።

«ማን? እሱ?» ጀማል መጥቶ ከላዬ ጎንበስ አለ። «ኧረ እኔን ያህላል።»

ጀማል በእኛ በር ሲገባ ጎንበስ የሚል ሰው ነበር። ኮቱን እንደገና አየሁት። ቀይ ዳማውም ጠይሙም ከፊቴ ጠፉ። ኮቱ ውስጥ ትልቅ፣ ዝም ያለ፣ ክንዱ የረዘመ ሰው ነበር፤ ፊት የለውም፤ ግን እውነት ነበር። ያን ያህል ስለ እሱ ያወቅሁት ያኔ ነው። ከዚያ በኋላ የጨመርሁበት የለም።

ዝናቡ ድንገት ወረደ። እቴቴ ከግቢው ትጮሃለች፤ ብቅሉ ሊርስ ነው። ፎቶዋን ልብሴ ውስጥ ከትቼ ሮጥሁ። ትልቁን ቁርበት በአንድ ወገን ይዛ ትታገላለች፤ ጥቁሩ ነጠላዋ ከጀርባዋ ተጣብቋል።

«ጀማል ምን አመጣልሽ?» አለችኝ በዝናቡ መካከል።

«ፎቶ።»

«ባቡሩ አለበት?»

«ግማሹ።»

«ደግ። እንኳን ፈረሱ አልጠፋ።»

ልነግራት አፌን ከፍቼ ነበር። ፊቷን ሳየው ዝናብ ብቻ አልነበረም። እሷ ነጂ ወንድሟን አልቅሳ ጨርሳለች። አጣቢውን ይዤባት ብመጣ ለእሱ እንደገና ማን ያለቅስለታል? አፌን ዘጋሁ። በወዲያኛው በኩል ዞሬ የቁርበቱን ጫፍ ልይዝ ብንጠራራ አልደረስሁበትም።

«ክንድሽን ዘርጊው እንጂ!» አለችኝ።

የኮቱን እጅጌ እያሰብሁ ዘረጋሁት።